ሥራው ይለካ ወይስ ጉዳቱ? የአካል ጉዳተኞች የሙያ ምዘና ከአድ-ዳኢር የቡና እርከኖች ሲታይ

ከጂዛን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የባሕር ዳርቻው ሜዳ አብቅቶ ተራራው በሚጀምርበት አካባቢ አድ-ዳኢር ትገኛለች። የየመን ድንበር ከዚያ ሩቅ አይደለም። የበኒ ማሊክ ተራሮች በድንጋይ ካብ በታሰሩ እርከኖች የተሸነሸኑ ሲሆኑ፣ በእርከኖቹ ላይ ኸውላኒ በሚል ስም የሚታወቀው ቡና ይበቅላል። ይህን ቡና የማልማት ዕውቀትና ልማድ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በዚያው ዓመት የሳዑዲ ቡና ኩባንያም ትኩረቱን በጂዛን ላይ አድርጎ ተቋቁሟል። የዓረቢካ ቡና ከኢትዮጵያ ደን ተነሥቶ በየመን በኩል ወደ ዓለም የወጣ ተክል ነውና፣ አማርኛ ተናጋሪው ሠራተኛ በአድ-ዳኢር እርከን ላይ ሲቆም የሚያየው ዛፍ ባዕዱ አይደለም። መልቀሙን፣ ማስጣቱን፣ መፈልፈሉንና መቁላቱን ከአገሩ ይዞት የመጣ ዕውቀት ነው።

እርከኑ ግን ቁልቁለት ነው። ከረጢት ተሸክሞ መውጣትና መውረድ የዕለት ተግባር ነው፤ ዝናብ ሲጥልም ድንጋዩ ያንሸራትታል። አንድ ሠራተኛ ከዚያ ወድቆ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ እንበል። ሐኪም ቁስሉን አድኖ ሰው ሠራሽ እግር ገጥሞለታል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሕክምና ብቻውን አይመልሰውም፦ ይህ ሰው ምን ሥራ መሥራት ይችላል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው፣ በምንስ መለኪያ?

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 29 ለዚህ ዓይነቱ ሰው አንድ በር ከፍቷል። በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት የቀድሞ አቅሙ የቀነሰ፣ ሌላ ሥራ ከመሥራት ግን ያልታገደ ሠራተኛን፣ ጉዳቱ በሥራው ምክንያት የደረሰበት አሠሪ ተስማሚ በሆነ ሥራ ላይ፣ ለዚያ ሥራ በተወሰነው ደመወዝ እንዲያሠራው ሕጉ ያዛል። ይህም ካሣውን አያስቀርበትም። ከፊቱ ያለው አንቀጽ 28 ደግሞ ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ፣ የሥራው ጠባይ የሚፈቅድለት ከሆነ፣ ከሠራተኞቹ ቢያንስ 4 በመቶው የሙያ ተሐድሶ ያገኙ አካል ጉዳተኞች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ሁለቱም አንቀጾች የቆሙት በአንድ ያልተነገረ ነገር ላይ ነው። «ተስማሚ ሥራ» እና «የሙያ ተሐድሶ» የሚሉት ቃላት ሕይወት የሚኖራቸው የሰውየውን ችሎታ በትክክል የለካ ሰው ሲኖር ነው። ያ ካልሆነ አሠሪው «ለአንተ የሚሆን ሥራ የለኝም» ባለ ጊዜ የሚከራከረው አይገኝም።

ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ቅርብ የሆነው የሕክምና መቶኛ ነው። የማኅበራዊ ዋስትና ጠቅላላ ድርጅት የሚያስተዳድረው የሥራ ላይ አደጋ መድን ለሳዑዲ ዜጎችም ለውጭ አገር ሠራተኞችም የሚሠራ ሲሆን፣ የ2 በመቶ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በዚህ ሥርዓት የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች በመቶኛ ይወሰናል፤ ካሣውም ከዚያ ይነሣል። ለካሣ ስሌት አንድ ቁጥር ማስፈለጉ ግልጽ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ያው ቁጥር ሥራ ለመምረጥ ሲውል ነው። ከጉልበት በታች አንድ እግራቸውን ያጡ ሁለት ሰዎች በሐኪም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲለቅም የኖረ፣ ሁለተኛው ደግሞ በመጋዘን ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሲመዘግብ የኖረ ከሆነ፣ ጉዳቱ ለአንዱ የሥራው መጨረሻ፣ ለሌላው የጥቂት ወራት እረፍት ነው። መቶኛው ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ እንዲያውቀውም አልተሠራም።

ስለዚህ ትክክለኛው ምዘና ከሰውየው አካል ሳይሆን ከሥራው ይነሣል። ቡና በአድ-ዳኢርም ሆነ በጅማ አንድ ሥራ አይደለም። እሸቱን ለመልቀም በቁልቁለት ላይ ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ ቅርንጫፍ መሳብና የቀላውን ከአረንጓዴው መለየት ያስፈልጋል። ማስጣት ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እያገላበጡ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሸፈኑ መዋል ነው። ፈልፋይ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው እጁን ከማሽኑ የሚጠብቅበት ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ጩኸቱ ግን መስማት ለተሳነው ሠራተኛ እንደ ሌላው ሰው የሚያውክ አይደለም፤ የአደጋው ምልክት በድምፅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በመብራት ጭምር ከተሰጠ ሥራው ለእርሱም ክፍት ነው። ጥሬ ቡናውን የሚያበጥረውና የሚለቅመው ሰው ተቀምጦ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ዐይንና ጣት ነው። መዝጋቢው ፊደልና ቁጥር፣ ቀማሹ አፍንጫና ምላስ ይፈልጋሉ። አንድ እግሩን ያጣው ሰው ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ያጣው አንዱን፣ ምናልባት ሁለቱን ነው። ዐይኑን ያጣ ሰው ከለቀማው ቢርቅም ቅምሻው አይዘጋበትም። ይህን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ፈተና የሚመረጠውም ከዚያ በኋላ መሆን ነበረበት። በብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፦ በመደርደሪያ ላይ ያለው ፈተና አስቀድሞ ይሰጣል፤ ሥራው በኋላ ይፈለጋል።

በመደርደሪያ ላይ ከሚገኙት ፈተናዎች ሁሉ ስሙ የገነነው የፐርዱ ሰሌዳ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆሴፍ ቲፊን በ1940ዎቹ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ለፋብሪካ ሠራተኞች መምረጫ ያዘጋጀው ነው። ሰሌዳው በሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 25 ቀዳዳዎች አሉት። ተፈታኙ በ30 ሰከንድ ውስጥ የቻለውን ያህል ትናንሽ ብረቶችን በቀዳዳዎቹ ይተክላል፤ መጀመሪያ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በሌላው፣ ከዚያም በሁለቱም። ርካሽ ነው፣ አጭር ነው፣ ቋንቋ እምብዛም አይፈልግም። በእነዚህ ምክንያቶች ለስደተኛ ሠራተኛም ለአካል ጉዳተኛም ተስማሚ ይመስላል።

ይህን ሰሌዳ ለቡና ለቀማ መመዘኛ ያደረገ መዛኝ ምን እንደለካ መጠየቅ አለበት። ሁለት ጣቶቿን ያጣች ሴት በሰሌዳው ላይ ዝቅተኛ ውጤት ታመጣለች፤ ብረቶቹ የተሠሩት ለአምስት ጣት ነውና። በፊቷ ሰፊ ትሪ ቢቀርብላትና የጠቆረውን፣ የተበሳውንና የተሰበረውን ፍሬ እንድታወጣ ብትጠየቅ ግን ውጤቷ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የለቃሚ ዋና ሙያ ከጣት ፍጥነት ይልቅ ጉድለትን በዐይን የማወቅ ልምድ ነው። በአዲስ አበባ የቡና ማበጠሪያዎች ለዓመታት የሠራች ሴት ያን ልምድ በሰሌዳ ላይ የምታሳይበት መንገድ የላትም። ሰሌዳው በራሱ መጥፎ መሣሪያ አይደለም፤ ጥቃቅን ዕቃ በፍጥነት ለሚገጣጠምበት ሥራ ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ግን በስሕተት ነው። ይህን ስሕተት ደግሞ ሴትዮዋ በሥራዋ ትከፍለዋለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ውጤቱ ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ነው። የፈተና ውጤት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ጋር ሲተያይ ነው «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» የሚባለው። ሠንጠረዡ የተሠራው ከአሜሪካ ፋብሪካ ሠራተኞች ወይም ከኮሌጅ ተማሪዎች ከሆነ፣ ከወሎ ወይም ከራያ የመጣ ገበሬ የሚወዳደረው አይቷቸው ከማያውቅ ሰዎች ጋር ነው። የአሜሪካ የሥራ ስምሪት አገልግሎት በ1940ዎቹ ያዘጋጀው አጠቃላይ የችሎታ ፈተና በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት ሰጥቷል። አሥራ ሁለት ክፍሎች ነበሩት፤ ስምንቱ በወረቀትና በእርሳስ፣ አራቱ በመሣሪያ የሚሠሩ። ሰዓቱ የተጨናነቀ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ወይም ብዙ ያልተማሩ ሰዎች በፈተናው ዝቅ ሲሉ የታየው የሥራ ችሎታቸው ሳይሆን የንባብ ችሎታቸው መሆኑን ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ተገንዝበው፣ ኋላ ላይ ንባብ የማይጠይቅ ሌላ ቅጂ አወጡ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነገሩን ከባለሙያዎች መልካም ፈቃድ አውጥቶ ግዴታ አደረገው። የማየት፣ የመስማት፣ የመናገር ወይም የእጅ ጉዳት ያለበት ሰው ሲፈተን፣ ውጤቱ ፈተናው ሊለካ የተነሣበትን ችሎታ እንጂ ጉዳቱን እንዳያሳይ ተደርጎ ፈተናው እንዲመረጥና እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፤ የተጎዳው ችሎታ ራሱ ለሥራው የሚለካ ካልሆነ በቀር። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ቀላል አይደለችም። የመኪና አሽከርካሪ ዐይን ሊለካ ይገባል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የእግር ጉልበት ግን አይለካም።

በደቡብ ሳዑዲ ድንበር ከተሞች ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ላይ የቋንቋ ግድግዳ ይጨመራል። በዐረብኛ የተጻፈ ፈተና የወደቀ ሰው ምን እንደወደቀ አይታወቅም፤ ሙያውን ነው ወይስ ፊደሉን? የማየት ችግር ካለበት ደግሞ ጥያቄው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሐሳቡ በተለይ ሊታይ የሚችለው መስማት በተሳነው ሠራተኛ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚያውቀው የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ነው፤ የፊደል አጻጻፉም ከግዕዝ ፊደላት የተነሣ ሆኖ፣ የእጁ ቅርጽ ተናባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያል። የሳዑዲ የምልክት ቋንቋ ሌላ ቋንቋ ነው። «ለመስማት የተሳናቸው አስተርጓሚ አቅርበናል» የሚል ተቋም ያቀረበው የሳዑዲ ምልክት አስተርጓሚ ከሆነ፣ ለዚህ ሰው የቀረበለት ነገር የለም። በጎ ፈቃድ ያለው መዛኝ እንኳ ይህን ሳያውቅ ሊያልፈው ይችላል፤ ውጤቱንም «መመሪያውን መከተል አይችልም» ብሎ ይጽፋል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በሰነድ ላይ ከተጻፈች በኋላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ተብላ ልትነበብ ትችላለች።

ለምዘና ባለሙያዎች ከሩቅ አገር መጽሐፍ ይልቅ የቡና ሙያ ራሱ የተሻለ ምሳሌ አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የቡና ቀማሾች ሲፈተኑ ሦስት ሲኒ ይቀርብላቸዋል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ሦስተኛው ይለያል። የተለየውን በጣዕም እንዲያገኙ ይጠየቃሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚበራው መብራት ቀይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በነጭ ብርሃን የቡናው ቀለም መልሱን ሊያሳብቅ ይችላል፤ ፈተናው የተነሣው ግን ምላስን ለመለካት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ሰው ከዓይነ ስውሩ ጋር በአንድ ደረጃ ይቀመጣል። የሙያው ሰዎች ይህን ያደረጉት ለአካል ጉዳተኞች አስበው ሳይሆን ለትክክለኛ ልኬት ሲሉ ነው፤ የማይለካው ነገር በር ላይ እንዲቀር የሚደረግበትም መንገድ ይኸው ነው። በ36 ትናንሽ የሽታ ጠርሙሶች የሚሰጠው የአፍንጫ ፈተናም ለዓይነ ስውሩ ምንም እንቅፋት የለበትም፤ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር በብሬል ቢለጠፍ ይበቃል። በሌላ በኩል 350 ግራም ጥሬ ቡና በትሪ ላይ አፍስሶ ጉድለቱን በዐይን መቁጠር የሚጠይቅ ክፍል አለ። እዚህ ላይ ዐይን የሥራው አካል ነው፤ ዓይነ ስውሩን «ይህንንም አልፈሃል» ማለት ሐሰት ይሆናል። ትክክለኛው መልስ የምስክር ወረቀቱን መከፋፈል ነው፦ ለቅምሻ ብቁ፣ ለጥሬ ቡና ደረጃ አወጣጥ ያልተመዘነ። ሁሉንም ክፍል ካላለፈ ምንም የለውም የሚል ደንብ ያለው ፈተና ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ተስማሚ አይደለም፤ ሌላ ይፈለግ።

ስለ ሰዓት ጭማሪም ብዙ ይወራል። ለአካል ጉዳተኛ ተጨማሪ ደቂቃ መስጠት ደግነት እየመሰለ አንዳንዴ ያለ ምርመራ ይታደላል፤ አንዳንዴም «ለሌሎች ፍትሐዊ አይደለም» ተብሎ ያለ ምርመራ ይከለከላል። መለኪያው ያው ሥራው ነው። ቡና የሚቆላ ሰው ከተወሰነች ደቂቃ በላይ ቢዘገይ ቡናው ያርራል፤ እዚያ ፍጥነት ሙያ ነው፤ የሰዓት ጭማሪ የሚያስገኘው ውጤት በሥራ ቦታ ይከሽፋል። የመጋዘን መዝገብ ጥያቄ ላይ ግን የሰዓት ገደቡ የተቀመጠው ፈተናው በአንድ ቀን እንዲያልቅ ብቻ ከሆነ፣ በማጉያ መነጽር የሚያነብ ሰው ጊዜ ቢጨመርለት የተበደለ ማንም የለም። የመቀመጫው ከፍታ፣ የመብራቱ አቅጣጫ፣ የጸሎትና የመድኃኒት ሰዓትም እንዲሁ ውጤትን የሚለውጡ ነገሮች ናቸው። ሰው ሠራሽ እግር ገና ያልለመደ ሰው በሁለተኛው ሰዓት ላይ የሚያሳየው ድካም የሥራ ብቃቱ ልኬት አይደለም፤ ከሦስት ወር በኋላ ቢፈተን ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል።

ከሰሌዳና ከወረቀት ይልቅ እውነተኛውን ሥራ በትንሹ አቅርቦ መመዘን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ የአካል ጉዳተኞች ተቋም በ1930ዎቹ ጀምሮ «ታወር» የተባለውን የሥራ ናሙና ዘዴ አበጅቷል፤ ተመዛኙ ስለ ሥራው እንዲያወራ ሳይሆን ሥራውን ራሱን እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። በአድ-ዳኢር ይህ ማለት አንድ ትሪ ቡና፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብ ነው። ወጪው አነስተኛ፣ ትርጉሙም ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ግልጽ ነው። ሆኖም የሥራ ናሙናም የራሱ ወጥመድ አለው። «ለአንድ ሳምንት ሞክረንህ እንወስን» የሚል አሠሪ ሳምንቱን ወር፣ ወሩን ወቅት ሊያደርገው ይችላል፤ መኸሩ ሲያልቅ «አልቻልክም» ይባላል፤ ደመወዙ ግን ሙከራ ስለነበር አይከፈልም። ይህ ምዘና ሊባል አይችልም፤ ነፃ ጉልበት ነው። ከሥራ ናሙና ጋር ሦስት ነገሮች አስቀድመው በጽሑፍ ካልተቀመጡ ሠራተኛው ባይጀምረው ይሻለዋል፦ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ምን ያህል ሥራ እንደ ማለፊያ እንደሚቆጠር፣ ለሰዓቱ ምን እንደሚከፈል።

ጉዳዩ አገር ቤትም ይከተላል። ኢትዮጵያ የሙያ ተሐድሶን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 159 እ.ኤ.አ. በ1991፣ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በ2010 አጽድቃለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ሁለተኛውን የተቀበለችው በ2008 ነው። ከሁሉ በላይ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ነው። አዋጁ የሥራው ጠባይ ከሚጠይቀው በስተቀር፣ የአካል ጉዳተኛውን እኩል ዕድል ሊያሰናክል የሚችል የመምረጫ መስፈርት እንደ አድልዎ ይቆጠራል ይላል። ፈተናም የመምረጫ መስፈርት ነው። ክርክር ሲነሣ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ተከሳሹ መዞሩም ትልቅ ነገር ነው፦ «ይህ ፈተና ለዚህ ሥራ አስፈላጊ ነው» ብሎ ማሳየት ያለበት ፈተናውን የመረጠው ወገን ይሆናል። አዋጁ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሙሉ ጤንነት ያለው» የሚል መስፈርት ሲለጠፍ ማየት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም።

ሲኦሲ በሚለው አጠራር የሚታወቀው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘናም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያውን በትምህርት ቤት የተማረውንም በሥራ ላይ የቀሰመውንም ሰው ለምዘናው እኩል ያቀርባል። ይህ ለተመላሽ ሠራተኛ ዋጋ አለው፤ በጂዛን ያካበተውን ልምድ የሚያስመሰክርበት መንገድ ነው። ወደ ውጭ ለሚሄደውም ቢሆን የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የብቃት ማረጋገጫን ጠይቋል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል ስላለው፣ ለዓይነ ስውር ጽሑፉ የሚነበብለት ወይም በብሬል የሚቀርብለት፣ ተግባሩም በሚያውቀው መሣሪያ የሚሰጠው ካልሆነ፣ ያው የአድ-ዳኢር ጥያቄ በደሴም በባሕር ዳርም ይደገማል።

በሳዑዲ በኩል የሚታየው ለውጥ ሁለት ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ የአካል ጉዳተኞች «እንክብካቤ» ሕግ ይባል ነበር፤ በ2023 የተተካው የአካል ጉዳተኞች «መብቶች» ሕግ ተብሏል። ለሥራ ቦታዎች ምቹነት የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ የሚሰጠው ሙዋአማ የተባለው ፕሮግራምም አለ። በሌላ በኩል ቁጥር ብቻውን ምን እንደሚያመጣ የኒጣቃት ልምድ አሳይቷል። በዚያ ሥርዓት አንድ አካል ጉዳተኛ የሳዑዲ ሠራተኛ እንደ አራት ሰው ይቆጠር ስለነበር፣ ስሙን በመዝገብ አስገብቶ ቤቱ እንዲቀመጥ ማድረግ ለአንዳንድ አሠሪ ትርፍ ሆኖ ነበር። ሥራውንና ሰውየውን ያላገናኘ ምዘና ባለበት ኮታ የወረቀት ሠራተኛ ይወልዳል። ለውጭ አገር ሠራተኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የተጀመረው የሙያ ማረጋገጫ ፕሮግራም አለ፤ የጽሑፍና የተግባር ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊትም ሆነ በመንግሥቱ ውስጥ ሳለ ሊፈተን ይችላል። አካል ጉዳት ያለበት ኤሌክትሪሻን ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ለዚህ ፈተና ሲቀርብ ማድረግ ያለበት የመጀመሪያው ነገር የሚያስፈልገውን ማመቻቸት ከፈተናው ቀን በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በፈተናው ጠዋት በቃል የሚቀርብ ጥያቄ ቀና መዛኝ ቢያገኝ እንኳ ዝግጅት አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀሩ ሰዎች አሉ፤ በአድ-ዳኢርም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። የ2005ቱ የሥራ ሕግ የእርሻና የግጦሽ ሠራተኛን የሚሸፍነው ድርጅቱ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ሲኖሩት ነው። የቤት ሠራተኛ በተለየ ደንብ ይተዳደራል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ከእነዚህ በሮች ወደ የትኛውም አይደርስም። በተራራው ላይ ያለው የቡና እርከን በአብዛኛው የቤተሰብ ይዞታ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሰው የሚሠራበት። እዚያ ወድቆ እግሩን ላጣ ሰው አንቀጽ 29 ተስማሚ ሥራ አይፈልግለትም፤ የሚፈልግለት የአሠሪው ፊት ነው፣ አለዚያም ወደ አገር የሚመልሰው አውሮፕላን።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥሩ ምዘና የሚተርፈው ከሕግ ይልቅ በወረቀት መልክ ነው። ያ ወረቀት «60 በመቶ» ወይም «ከባድ ሥራ አይችልም» የሚል ብቻ ከሆነ የትም አያደርሰውም። የተመዘነበት ሥራ ምን እንደነበር፣ በምን መሣሪያና በምን ቋንቋ እንደተመዘነ፣ ምን ማመቻቸት እንደተደረገለት፣ ምን ያህል ሠርቶ ምን ያህሉ ትክክል እንደነበር፣ ማን እንደመዘነውና መቼ የሚል ከሆነ ግን፣ ጂዛን ላይ ለሌላ አሠሪ፣ አዲስ አበባ ላይ ለሲኦሲ መዛኝ፣ ጅማ ላይ ለቡና ማበጠሪያ ኃላፊ ሊያሳየው ይችላል። ቅጂው በዐረብኛና በአማርኛ ለራሱ ለሠራተኛው መሰጠት አለበት፤ በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ውጤት ሠራተኛው ድንበር ሲሻገር አብሮት አይሄድም።